የአባቴ ትንፋሽ በሁዳዴ

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ከማየቴ በፊት እሰማው ነበር። ደረቱ ያፏጫል። አጥሩ ጋ ሲደርስ ይቆምና በመቋሚያው ተደግፎ ትንፋሹን ይሰበስባል። እኔም እቤት ውስጥ ሆኜ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ የራሴን ትንፋሽ አብሬው እይዛለሁ። ሲገባ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው «እንዴት ዋልሽ?» ይለኛል። ቄስ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ድካሙን ሰው እንዲያይበት አይወድም ነበር። እኔ ደግሞ ያየሁትን አላየሁም ማለት አልችልበትም፤ ስለዚህ ገና ተቀምጦ ሳያርፍ እጨቀጭቀው ነበር።

ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ ወደ ርብ ወንዝ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነው። ክረምት ሲሆን ሜዳው ውኃ ይሞላና ከብቶቹ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይግጣሉ፤ በጋ ሲሆን መሬቱ ይሰነጠቅና አቧራው ከሰው ጋር አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይተኛል። እናቴ ሞታለች። እኔ ሐሙሲት ከተማ አግብቼ ነበር፤ ባሌ ጠጥቶ መሳደብ ሲያበዛብኝ ጓዜን ጠቅልዬ ወደ አባቴ ቤት የተመለስሁበት ጊዜ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ የሚጠራው እሑድ ጧት፣ ልክ የቅዳሴ ደወል ሲደወል ስለነበር ግማሹ ሰው ወዲያ፣ ግማሹ ሰው ወዲህ ይሄዳል። በደብራችን ደግሞ የሚቀድሱት ቄሶች ሁለት ብቻ ነበሩ፦ አባቴና በዕድሜ የሚያንሰው ሌላ ቄስ። ቅዳሴ ያለ ሁለት ቄስ አይሆንም። አንዱ ከጎደለ ቅዳሴው ይታጎላል፤ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ይመጣና የተዘጋ በር ተሳልሞ ይመለሳል። አባቴ በሕይወቱ የሚፈራው ይህንን ነበር። ሞትን እንኳ ያን ያህል ሲፈራ አላየሁትም።

ነገሩ የጀመረው አውድማ ላይ ነው። በዚያ ዓመት አምራች ማኅበሩ ሩዝ የሚሉትን አዲስ እህል ዘርቶ ነበር። እህሉ አዲስ ቢሆንም ሰዎቹ አሮጌ ናቸውና ሳይባረክ አይወቃም አሉ። አባቴን ጠሩት፤ ሊቀ መንበሩም አይቶ እንዳላየ ሆነ። አባቴ አውድማው መካከል ቆሞ ጸሎቱን ሲጀምር ነፋስ ተነሣና እብቁን በሙሉ ወደ እሱ አመጣው። ጸሎቱን አልጨረሰውም። ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ በበቅሎ ደግፈው ወረታ ጤና ጣቢያ አደረሱት።

እዚያ ያለው ሐኪም ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል። የአባቴን ደረት ከፊትም ከኋላም አዳመጠና «አስም ነው» አለን። ነጭ ክብ ኪኒን ሰጠን። አንዱን ጧት፣ አንዱን ቀን፣ አንዱን ማታ፣ ሁልጊዜም እህል ከቀመሱ በኋላ። ለእሱም ለእኔም እየደጋገመ ነገረን። አባቴም በልጅነቱ በአብነት ትምህርት ቤት እንደለመደው፣ የተነገረውን ቃል በቃል መልሶ ደገመለት።

እቤት ስንገባ ኪኒኑን ከዳዊቱ ማኅደር ውስጥ ከተተው። ማኅደር የዳዊት መጽሐፉ የሚገባበት የቆዳ ኮሮጆ ነው፤ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ ከእሱ በቀር የሚነካው የለም።

«ምነው እዚያ አስቀመጡት?» አልሁት።

«መድኃኒት አይዶል? መድኃኒት ሁሉ አንድ ላይ ይቀመጥ።»

ጥር ወር እንደዚያ አምሮብን አያውቅም። ፉጨቱ ጠፋ። ለካ ለምጄው ኖሮ፣ ፀጥ ሲል ግራ ገባኝ፤ መጣ አልመጣ እያልሁ በር በሩን አያለሁ። አባቴ ሳልሰማው ይገባና ያስደነግጠኛል። ቅዳሴ ላይ ዜማውን በየመካከሉ እየቆረጠ ይተነፍስ የነበረው ሰው፣ አሁን ረጅሙን ዜማ ጀምሮ ይጨርሰዋል። ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ «አባትሽ ድምፃቸው እንደ ጎረምሳ ሆነ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔም ሐኪሙን በልቤ እመርቃለሁ።

የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ።

አባቴ ስለ ጾም ቀልድ አያውቅም። በሁዳዴ እህል ውኃ የሚቀምሰው ቅዳሴ ወጥቶ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ለታመመ፣ ላረገዘች፣ ለምታጠባ «ብሉ» የሚለው እሱ ነው፤ እንዲያውም አልበላም ያለ በሽተኛ ይቆጣል። ጤነኛ ሆኖ ጾም ለሚገድፍ ግን ምሕረት የለውም። አንዲት ጎረቤታችን አራስ ቤት ረስታ ቅቤ የነካው ወጥ ቀመሰች ብሎ፣ ከበዓለ ሃምሳ በኋላ የገደፈችውን እጥፍ አድርጋ እንድትጾም ቀኖና ሰጥቷታል። የጎደለ ሁሉ ይሞላል፣ የተዘለለ ሁሉ ይከፈላል፤ የአባቴ ሃይማኖት ሲጠቀለል ይህ ነበር። ዳዊቱንም እንዲሁ ነው። ለየዕለቱ የተመደበ ንባብ አለ፤ የሰኞውን እንግዳ መጥቶ ካስዘለለው፣ ማክሰኞ የሁለቱን ቀን ደርቦ ሳይደግም አይተኛም።

ጾሙ ገፋ ሲል እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያየሁት ማታ ውኃ ስሰጠው ነው፤ ዋንጫው ከአፉ ሳይደርስ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ጾሙ አድክሞት ነው አልሁ። ቀጥሎ እንቅልፍ እንቢ አለው። ጧት ጧት ዓይኑ ቀልቶ አገኘዋለሁ። «ልቤ ከእኔ ቀድሞ ይሮጣል» አለኝ አንድ ቀን፣ እንደሚያፍር ሰው ድምፁን ቀንሶ። እጅሽን ደረቴ ላይ አድርጊ አለኝና ባደርግ፣ እንደ ተባረረ ጥጃ ይዘላል። የሚገርመው ግን ትንፋሹ ደኅና ነው። አያፏጭም። እንግዲህ ምን በሽታ ነው ይኸ፣ ሳንባን ትቶ ልብ ላይ የወጣ?

ከዚያ ማስመለስ መጣ። ጧት ከአልጋው ሲነሣ ያስመልሰዋል፤ ማታ የበላው እንዳለ ይወጣል። ያስመለሰው ቄስ ደግሞ በዚያ ቀን ቆርቦ አይቀድስም። የመጀመሪያውን ቀን እኔ ነኝ ሄጄ ለሌላው ቄስ የነገርሁት። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ አየ። ምን ያድርግ፣ ብቻውን አይቀድስ። ከሰዓት በኋላ ሰው ተሰብስቦ መጣ፤ ሽማግሌዎቹ በበትራቸው ተደግፈው፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው። በሩን ተሳልመው ተመለሱ። አባቴ እቤት ተኝቶ ደወሉ ሲቀር ሰማ። ያልተደወለ ደወል ሲሰማ ያየሁት እሱን ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ኪኒኑን በደንብ ይውጣሉ?» አልሁት።

«እንዴታ! አንድ አላጎደልሁም።»

አባቴ ውሸት አያውቅም። ይሁንና እኔ ተጠራጣሪ ነኝ፤ እሱ ውጭ ፀሐይ ሲሞቅ ማኅደሩን ከፍቼ አየሁ። ኪኒኑ በልኩ ቀንሷል። አልተረሳም፣ አልተትረፈረፈም። ማኅደሩን መልሼ ሰቀልሁና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በጥር ያዳነው ኪኒን በመጋቢት ምን ነካው?

የአባቴ እህት፣ አክስቴ፣ መልስ አላጣችም። የእሷ ችግር መልሱ መብዛቱ ነው። ጧት መጥታ «ዓይን ነው፣ ድምፁ ሲያምር አይተው ነው» ትላለች። ማታ መጥታ ደግሞ በሩን ዘግታ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «መንግሥት ነው» ትለኛለች። «ቄሶች እንዳይቀድሱ ነው እንዲህ ያለ ኪኒን የሚሰጡ። አልገባሽም?»

«ዛዲያ ጥር ላይ ለምን ዳኑ?» አልኋት።

«እንዳይነቃባቸው ነዋ!»

ስስቅባት ተቆጣች። ስትሄድ ግን ሳቄ ቆመ፤ ማኅደሩን ቀና ብዬ አየሁትና ብጥለውስ አልሁ። እንደዚያ ነበር ያደረገኝ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሁሉንም አምናለሁ፣ ሁሉንም እክዳለሁ።

በገበያ ቀን ወረታ ሄድሁ። ሐኪሙ ለክትባት ገጠር ወጥቷል አሉኝ። መንገድ ዳር መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ነበርና እሱን ጠየቅሁት። አንጀቱ የራራ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠኝ።

«እንደ ታዘዘው ነው የሚወስዱት?»

«በቀን ሦስት። አንድም አይጎድልም።»

«እንግዲያው ኪኒኑ አይደለም። ጾሙ ነው ያደከማቸው» አለኝ።

ጥያቄው ትክክል፣ መልሴም ትክክል። ሁለታችንም እውነት ተናግረን ከመምጣቴ በፊት ከነበርሁት የበለጠ ተምታቶብኝ ተመለስሁ።

አባቴ ግን የራሱን መልስ አግኝቶ ነበር። ኃጢአት ነው። እግዚአብሔር ከመቅደሱ ሊያወጣው የፈለገበት አንድ ያልተከፈለ ነገር አለ። ያንን ፍለጋ ዕድሜውን ከሥር ጀምሮ መፈተሽ ያዘ። በሬዋ እርሻውን ስለገባበት የጮኸባትን ሴት ቤቷ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ለመናት፤ ሴትዮዋ ነገሩን ጨርሶ አታስታውሰውም፣ ንስሐ አባቷ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ግን ደንግጣ አለቀሰች። አንዱን ገበሬ ክርስትና ላይ ዘግይተህ መጣህ ብሎ ተቆጥቶት ነበር፤ እሱንም። ሰዉ ግራ ተጋባ። ቄሱ ሊሞቱ ነው ተባለ። በየቤቱ በሚንቀጠቀጥ እጁ መስቀሉን ይዞ ሲዞር ሳየው ልቆጣው እልና እጁን አይቼ እተወዋለሁ።

አንድ ቀን ግን አልተውሁትም። በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሐሙሲት ደርሶ መጣ።

«የት ነበሩ?»

«ባልሽ ዘንድ።»

«ባል የለኝም።»

«ከነበረሽ ዘንድ። ስትመጪ ረግሜው ነበር። ይቅር በለኝ አልሁት።»

«ምን አለ?»

«ይቅር ብሎኛል።»

«ይቅር የሚል እሱ ነው?» ጮኽሁበት። በአባቴ ላይ ስጮኽ የመጀመሪያዬ ነበር። «እኔን ሲሰድብ ኖሮ፣ እሱ ነው እርስዎን ይቅር የሚል?»

አባቴ መደቡ ላይ ተቀመጠና ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንዲረጉ ተጫናቸው። አልረጉለትም። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሌላ የቀረብኝ ነገር አላገኘሁም» አለኝ። ከንዴቴ ጋር አብሬ ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ ቆምሁ፤ የማለቅሰው ስለ እሱ ይሁን ስለ ራሴ ለይቼ አላውቀውም።

በመጨረሻ አክስቴ አሸነፈች። ጠበል ይጠመቅ አለች፤ ጠበልና ኪኒን ደግሞ አብሮ አይሄድም፣ ኪኒኑ ይቅር። እኔም ደክሞኝ ነበር፣ እሺ አልሁ። ጠበሉን ጀመረ፣ ኪኒኑን ተወ።

እጁ ረጋ። ልቡ ሰከነ። ማስመለሱ ቀረ። እንደ ሕፃን ተኛ።

አክስቴ እልል አለች። እኔም፣ መንግሥት ነው ያለችውን ሳይቀር፣ አመንኋት። አባቴ ሄዶ ቀደሰ፤ ቅዳሴ ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። ያን ዕለት አጥሩ ጋ ሲደርስ ግን ሰማሁት። ትንሽ ፉጨት ናት፣ ከሩቅ እንደሚጠራ እረኛ። ምንም አይደለም ብዬ ራሴን አታለልሁ። እሱም «እንዴት ዋልሽ?» ብሎኝ ገባ።

ብዙ አልቆየም። ከሆሣዕና ቀደም ብሎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዕጣን ሊያጥን ጽናውን ይዞ ቤተ መቅደሱን ሲዞር ጢሱ ያዘው። አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ይህ ፉጨት አልነበረም፤ ፉጨቱ እንኳ ጠፍቶ ደረቱ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አየሩ ግን አይገባም። አክስቴ ጠበል ልትረጨው ስትል እጇን ያዝኋት። «ወረታ!» አልሁ ተሸካሚዎቹን። ማኅደሩን ከግድግዳው አውርጄ አንገቴ ላይ አንጠለጠልሁና ከቃሬዛው ጎን ሮጥሁ። ከእሱ በቀር ማንም የማይነካውን ማኅደር ለምን እንደያዝሁት አላውቅም፤ ነቅቶ ቢያጣው ይቆጣል ብዬ ይሆናል።

ሐኪሙ ከክትባቱ ተመልሶ ነበር። በደም ሥሩ መርፌ ሰጠው፤ ቀስ እያለ፣ እየቆመ፣ የእጅ ምቱን እየያዘ። አባቴ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከንፈሩ መጀመሪያ ግራጫ፣ ቀጥሎ ሰው የሚመስል ሆነ። ተቀምጦ መናገር ሲችል ሐኪሙ ሁሉንም ጠየቀኝ፤ እኔም መንቀጥቀጡን፣ ልቡን፣ ማስመለሱን፣ ጠበሉን ነገርሁት። ኪኒኑን አንድ ሳያጎድሉ ነበር የሚወስዱ አልሁት፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ለስንት ሰው እንዳልኋት።

ሐኪሙ ወደ አባቴ ዞረ። «አባ፣ እንዴት እንደሚወስዱት ያሳዩኝ እስቲ።»

አባቴ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ማኅደሩን ሰጠሁት። ዳዊቱን አወጣና ጉልበቱ ላይ አኖረ፣ ከሥሩ ኪኒኑን አወጣ። አንዱን መዳፉ ላይ አደረገ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ቀጥሎ ሦስተኛውን። ሦስቱንም ወደ አፉ እንደሚያስገባ ሰው መዳፉን ከፍ አደረገና ሐኪሙን አየው።

«ሦስቱንም አንድ ላይ?»

«ሁዳዴ ነው» አለ አባቴ፣ ይህ ምን ያስጠይቃል በሚል ድምፅ። «የጧቱም የቀኑም ሰዓት በጾም ያልፈኛል። ማታ ከጸሎቴ በኋላ ደርቤ አደርሰዋለሁ። ዳዊት ስዘልልም እንዲሁ ነው የማደርግ። ጥር ላይም ቅዳሴ ባለኝ ቀን የጧቱን ከቀኑ ጋር ደርቤው ነበር፤ ምንም አላለኝ።»

ባለፈው ወር የሆነው ሁሉ፣ ዋንጫው፣ ቀይ ዓይኑ፣ የተዘጋው በር፣ ሐሙሲት ድረስ የሄደበት ይቅርታ፣ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። መዳፉ ላይ ሦስት ትንንሽ ነጭ ነገሮች አሉ። እነሱ ነበሩ? ሌላ ምንም አልነበረም?

ሐኪሙ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ወንበሩን ስቦ ከአባቴ ፊት ተቀመጠ።

«አባ፣ ዳዊት ይደረባል። ይህ ኪኒን ግን አይደረብም። አንዱ ገብቶ ሥራውን ሠርቶ እስኪወጣ ሰዓት ይፈልጋል፣ ለዚህ ነው ከፋፍለን የምንሰጠው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገቡ ለልብ ይበዛሉ። እጅዎን ያንቀጠቀጠው፣ እንቅልፍ የነሣዎት፣ ያስመለሰዎት እሱ ነው። ሲተዉት ደግሞ ሕመሙ ተመለሰ። አንዱ ሰዓት ካለፈዎት ይተዉት፤ የሚቀጥለውን ብቻ በሰዓቱ ይውሰዱ። ልብዎ ከሮጠ ወይም ካስመለሰዎት ወደኔ ይምጡ፤ በራስዎ አይጨምሩ፣ በራስዎም አያቋርጡ።»

አባቴ ይህን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ ቀና አለ። «ያለፈውስ?» አለ። «የዘለልሁት የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም። ይቀራል።»

አባቴ ይህ አልገባውም። ፊቱ ላይ አየሁት፤ በማያውቀው ቋንቋ የተነገረው ሰው ይመስል ነበር። በጣቱ ዳዊቱን እየነካካ «ይቀራል» አለ ለራሱ። «ይቀራል።»

«እህል ሳይቀምሱ ደግሞ አይሆንም» አለ ሐኪሙ። «ጧትም፣ ቀንም።»

«ጾም ነው እኮ የምልህ!»

«ለታመመ ምእመን እርስዎ ምን ይሉታል?»

አባቴ መልሱን ያውቃል። ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ማኅደሩ መለሳቸው።

እኔ ግን ዝም ብዬ አልተውሁትም። ይፋግ ከተማ የአባቴ ንስሐ አባት አሉ፤ ካህንም ቢሆን ንስሐ አባት አለው። ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል። ይዤው ሄድሁ። ነገሩን ሁሉ ጨርሼ ነገርኋቸው፤ ሲሰሙኝ ቆዩና አባቴን በእጃቸው ፈልገው ትከሻውን ያዙት።

«ብላ» አሉት። «ይህ ምክር አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።»

«ቅዳሴውስ አባ? በልቶ አይቀደስ።»

«ከጎረቤት ደብር ቄስ ይመጣል። በሩ አይዘጋም። አንተ ቆመህ አስቀድስ።»

ቆመህ አስቀድስ ማለት ከሕዝቡ ጋር ቁም ማለት ነው። አባቴ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ቅዳሴን ከውጭ ሆኖ ሰምቶ አያውቅም። መስቀላቸውን ተሳልሞ ወጣ። እኔ በሩ እንደማይዘጋ ሳስብ ደስ ይለኛል፣ ከበሩ ውጭ የሚቆመው ማን እንደሆነ ሳስብ ደግሞ የሠራሁት ነገር ጥሩ ይሁን ክፉ ይጠፋኛል።

በሆሣዕና ጧት ደወሉ ሲደወል አባቴ ከበሩ ኋላ፣ ሰው በማያየው ጥግ ተቀምጦ ነበር። የሽምብራ ቂጣና ውኃ አመጣሁለት። ኪኒኑ መዳፉ ላይ ናት፣ አንዲት ብቻ። ቂጣውን አየው እንጂ አልነካውም። ውጭ ሰዎች ዘንባባቸውን ይዘው ሲያልፉ ድምፃቸው ይሰማናል፤ አባቴ አንድ ሰው ባለፈ ቁጥር ጉልበቱን ይሰበስባል፣ እንደ ተደበቀ ሌባ። ያ ሁሉ ሰው ሳይቀምስ ወደ ቅዳሴ እየሄደ፣ የነፍስ አባቱ በር ኋላ ቂጣ ሊበላ ነው።

«ይቅመሱ እንጂ፣ ሰዓቱ ያልፋል» አልሁት።

«በዚህ ሰፈር ብቸኛው በላተኛ ሆንሁ» አለ። ድምፁ ተሰበረ። በእናቴ ቀብር ላይ እንኳ ያልተሰበረ ድምፅ ነው።

ከዚያ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። አጠገቡ ተቀመጥሁና ቂጣውን ቆርሼ አፌ ውስጥ ከተትሁ። ጤነኛ ነኝ፣ አላረገዝሁም፣ አላጠባም፤ የሚያስበላኝ ምንም ምክንያት የለም። አላምጬ ዋጥሁት።

አባቴ ዓይኑ ፈጠጠ። «አንች! ምን ሁነሻል?»

«ብቻዎን እንዳይበሉ ነው።»

አፈጠጠብኝ። እኔም አፈጠጥሁበት፣ ከማን ተማርሁት ታዲያ። ከዚያ እጁን ሰደደና ከቂጣው ቆረሰ። አኘከ። ኪኒኑን በውኃ ዋጠ። ሌላ ቁራሽ ቆረሰና ለእኔ አቀበለኝ፤ እሱንም በላሁት። ደወሉ ዳግመኛ ተደወለ።

ስንነሣ ፍርሃት ያዘኝ። ያችን ጎረቤታችንን ቅቤ የነካው ወጥ ቀምሳ ምን እንዳደረጋት አስታወስሁ። ሳይለኝ ልቅደመው ብዬ «ከበዓለ ሃምሳ በኋላ እጥፍ አድርጌ እጾመዋለሁ» አልሁት።

አባቴ ዘንባባውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። አንድ ነገር ሊል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ተወው፣ እንደገና ጀመረ። እንደዚያ ሲቸገር አይቼው አላውቅም።

«የለም» አለ። «ጾሙን ነው የምልሽ፣ አትደርቢው። የዛሬው ይቀራል። ተይው ልጄ።»

ከዚያ ነጠላውን አጣፋና ወጣ። እኔም ተከተልሁት። በወንዶቹ በኩል፣ ከገበሬዎቹ መካከል ገብቶ ቆመ፤ ሰዎቹ ደንግጠው ቦታ ሊለቁለት ሲሉ በእጁ ከለከላቸው። እኔ ከሴቶቹ በኩል አንገቴን አስግጌ አየዋለሁ። የጎረቤት ደብር ቄስ ከውስጥ ዜማውን ሲያነሣ የአባቴ ከንፈር ተከተለው፤ ድምፅ ሳያወጣ፣ የቄሱን ድርሻ እየቀደሰ። ረጅሙ ዜማ ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁት። እኔ አልቻልሁም፣ መካከል ላይ ለቀቅሁት። አባቴ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆርጥ እስከ መጨረሻው ዘለቀው።